መምህሬ ቤት እንዳይገዙ ልመክር ኮልፌ ድረስ

ከኮልፌ ከተመለስኩ ወዲህ ጅማ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እሺ፣ ህንዱስ? ገዙት ቤቱን?» ይለኛል። ለአንዱ ቆሜ ሳወራ ሌላው ከመሐል ይደርስና «እስቲ ከመጀመሪያው» ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ ቤቴ የምገባው በምሳ ሰዓት ነው። ስለዚህ ጻፍኩት። ከጅማ አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶን ዞሮ የሚመለስ ሞልቷል፤ ኮልፌ ቀራንዮ ሰንብቶ የመጣ ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም። ካለም ያርመኝ።

ህንዱ የምንላቸው መምህር ኮሺ ናቸው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረውኛል። ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ከሱዛን ጋር አሥራ አራት ዓመት ጅማ ኖረው ወደ አገራቸው፣ ህንድ ውስጥ ኬረላ ወደሚባለው ክፍል ተመለሱ። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ እዚያው ትምህርት ቤት አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። በበዓል በበዓል እንደዋወል ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ድምፃቸው እያነሰ ሄዶ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሞቅ ባለ ድምፅ ደወሉልኝ።

«ሙሉነሽ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ለውጭ ሰው ቤት መግዛት ተፈቅዷል። ቀሪ ዕድሜዬን እዚህ ልኖር ነው። ቤቱን ነይና እዪልኝ፤ አንቺ የሰው ስህተት ማግኘት ትወጃለሽ።»

እውነታቸውን ነው፣ እወዳለሁ።

በማግሥቱ ሱዛን ከዱባይ ደወለች። ከጅማ ስትወጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበረች አማርኛዋም ዘጠኝ ዓመት ላይ ቆሟል። አርባውን ያለፈች ሴት በሕፃን አነጋገር ስታለቅስ መስማት ልብ ያባባል። «ሙሉዬ፣ አባዬ እምቢ አለኝ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው እኮ! ቢታመም ማን አለው? ቢሞት ማን አለው? ሂጂና መልሽልኝ። እኔ ነኝ ያልኩሽ ግን አትበዪው። ማይልኝ!» እንደምመልሳቸውም፣ የሷን ስም እንደማላነሳም ማልኩላት። በልቤም ልጅቷ ልክ ናት ብያለሁ። እንግዲህ ከጅማ የተነሳሁት ለአባት ቤቱን ለማየት፣ ለልጅ ደግሞ ያንኑ ቤት ለማፍረስ ተስማምቼ ነው።

ሐሙስ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ ወጣን። ለመምህሬ ብዬ አንድ ፌስታል አቮካዶ ይዣለሁ፤ ጅማ ከዛፍ ወድቆ የሚረገጠው አዲስ አበባ በኪሎ እንደሚሸጥ ስለማውቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጆንያውን የት ላድርገው እያለ ሲያማትር ቆይቶ አቮካዶዬ ላይ አስቀመጠው። ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወለቀን፤ ያን ጊዜ ጆንያው ሲነሳ ከሥሩ የተገኘው ፍሬ ሳይሆን ጭማቂ ነበር። ሰውዬው በጣም አዘነ። ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም ክትፎ በቆጮ አዝዞ ካልበላሽ ብሎ ስሜን ሳይጠይቅ ወጥሮ ያዘኝ። ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ክትፎ በልቼ አላውቅም፤ የአገሬ ሰዎች ግን፣ ልምከራችሁ፣ ይበላል።

ቱሉ ቦሎን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ ሲታገሉ እኔ ጥላ ፍለጋ መንገድ ዳር ወዳለ ቤት ተጠጋሁ። ከቤቱ የወጣችው ሴት አማርኛ ብዙም አትሞክርም፤ እኔ ደግሞ የጅማ ልጅ ነኝና በኦሮምኛ ተጨዋወትን። በርጩማ አወጣችልኝ፤ ቀጥላ የተቀቀለ በቆሎ። ለአንድ ሰዓት ተኩል የማላውቃት ሴት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ልጆቿ ትምህርት ስመክር ቆየሁ። አውቶቡሱ ጥሩንባ ሲነፋ መሄዱ ከበደኝ።

አየር ጤና ስንደርስ ወደ አሥር ሰዓት ሆኗል። ከጅማ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባን የሚተዋወቃት በዚህ በኩል ነው፤ ጋራዥ፣ የመለዋወጫ ሱቅ፣ እንደገና ጋራዥ፣ ከዚያ ታክሲ በታክሲ ላይ። እኛ ጅማ ባጃጅ በእጃችን ጠቅሰን በራችን ድረስ ነው የምንወርደው። እዚህ ለታክሲ ሰልፍ አለ፣ ሰልፉም ጅራቱ አይታይም። መምህር ኮሺ ጋ ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ሦስቴ ሞከርኩ። አንዲት ወጣት «እማማ፣ ከኔ ፊት ይግቡ» ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። እማማ መባሉ ቅር አሰኘኝ፤ ቦታውን ግን ወሰድኩት።

መምህሬ የነገሩኝ ምልክት ግልጽ ነበር። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ፌርማታ ትወርጃለሽ፣ ሙዝ መሸጫው አጠገብ ያለውን ቅያስ ትገቢያለሽ፣ በስተግራ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታገኛለሽ። የባለቤቷ የወይዘሮ ዘነበች ቤት ነው፤ የሚሸጠውም እሱ ነው፤ እስኪገዙት ድረስ መምህሬ አንዱን ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ወረድኩ፣ ሙዙን አለፍኩ፣ ቅያሱን ገባሁ። ሰማያዊው በር ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ቆምኩ። ሰባ ስድስት ዓመት፣ የተዘጋ ስልክ፣ በራቸው ላይ ድንኳን። ሦስቱን ደመርኩና መልሱን አገኘሁ፤ ሒሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉ? ሻንጣዬን እዚያው ኮብልስቶኑ ላይ ጣልኩት። «ወይኔ መምህሬ! ወይኔ አባቴ! በሰው አገር፣ ብቻዎን! ሳላይዎት! አንድ ቀን ብቀድም ምን ነበር!» እያልኩ ደረቴን እየመታሁ ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው አስገቡኝ። እኔ ስጮህ እነሱም ባሰባቸው፤ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ አብረውኝ አነቡ።

«ሙሉነሽ! ምን ሆንሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል መምህር ኮሺ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ የንፍሮ ሰሃን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ነጭ በነጭ ከመሆኑ በቀር ምንም አልሆኑም።

«መምህር! አልሞቱም እንዴ?»

«ገና ነኝ» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። የሞቱት ለካ የፊት ለፊቱ ጎረቤት ናቸው። ቅያሱ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ ሁለቱንም በር ዘግቷል፤ ስልኩን ደግሞ መምህሬ ለሐዘኑ ክብር ብለው አጥፍተውታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ ግን እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ለማንም ይሁን እህቴ፣ እንባ እንባ ነው። ውሃ ስጧት» አለች።

አየር ጤና አንድ ቤርጎ ይዤ ላድር ነበር ሐሳቤ። ወይዘሮ ዘነበች ይህን ስትሰማ በጣም ተቆጣች። «እንዲህ አልቅሰሽ ቤርጎ? አፈር ስሆን!» ብላ ሻንጣዬን ወደ ውስጥ አስገባች። የሞቀ ውሃ በባሊ አቀረበችልኝ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። አንዱ አይበቃም፤ የኮልፌ ብርድ ከእንጦጦ በኩል ወርዶ በመስኮት ስንጥቅ ይገባል።

ዓርብ

ቤቱን አየሁት። ግቢው መካከል የኮክ ዛፍ አለ። ዋናው ቤት ሦስት ክፍል ነው፤ ከጀርባ ማድ ቤትና ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። ግድግዳው ደህና ነው። እኔ ግን ደህናውን ለማየት አልመጣሁም።

«የበረንዳው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ ይወድቃሉ» አልኩ። መምህር ኮሺ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። «የባኞ ቤቱ ወለል ያንሸራትታል።» ጻፉ። «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው ብላለች ወይዘሮ ዘነበች፤ ጅማ ቢሆን ባይመጣ እንኳ ዝናቡ አለ።» ጻፉ። «ዋናው መንገድ ተቆፍሯል፤ ወደ ሐኪም ቤት ሲጣደፉ መኪና እንዴት ይገባል? ገበያው ሩቅ ነው። ጣራው ዝናብ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል። ኮኩም ትል አለው።»

ሲጨርሱ ደብተሩን ዘረጉልኝ። ከእያንዳንዱ አጠገብ መፍትሔውን አስቀምጠዋል፤ የእጅ መደገፊያ ብረት፣ ምንጣፍ፣ የውሃ ታንከር። ከትሉ ፊት ለፊት «ትሉን አውጥቶ መብላት» ይላል። ተናደድኩ። ከእሳቸው ጋር መከራከር ድሮም እንዲህ ነበር።

ምሳ የጾም ነው፤ ወይዘሮ ዘነበች ሽሮና ጎመን አቀረበችልን። መምህር ኮሺ ሽሮው ላይ ሚጥሚጣ እየነሰነሱ ሲበሉ አየሁና ሰበብ አገኘሁ። «ለምን ጅማ አይኖሩም? ኬረላን ትመስላለች ይሉ አልነበር? ዝናቡም፣ ሙዙም፣ ሁሉም አለ» አልኳቸው።

«ልቤን የሚያየው ሐኪም እዚህ ነው። ልጄ የምትመጣበት አውሮፕላንም እዚህ ነው የሚያርፈው።»

«ታዲያ ለምን አገርዎ አይኖሩም?»

ጉርሻቸውን አስቀመጡ። «አገሬ ትልቅ ቤት አለኝ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ዱባይና ካናዳ ሄዱ፤ ወላጆቻቸውን ወሰዱ። ማታ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ የማየው የተቆለፈ በር ነው። በመንገዱ ላይ መብራት የሚበራው የኔ ብቻ ሆነ።» ቀጥለውም «ትንሹ ልጃችን ጅማ የሞተ ጊዜ ታስታውሻለሽ?» አሉኝ።

አስታውሳለሁ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የሰባት ወር ሕፃን ነበር።

«እድር ውስጥ አልነበርንም። እድር ምን እንደሆነም አላውቅም ነበር» አሉ። «ከቀብር ስንመለስ በራችን ላይ ድንኳን ቆሟል። ማን እንደተከለው እስከዛሬ አላውቅም። ሦስት ቀን አብረውን ተቀመጡ። ሚስቴ ቋንቋውን አትችልም ነበር፤ ሴቶቹ አጠገቧ ሆነው ዝም አሉ፣ ስታለቅስ አለቀሱ። እስክትሞት ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ሲነሳ የምታወራው ስለዚያ ድንኳን ነበር።»

ሽሮዬን በላሁ።

ከምሳ በኋላ ዋናውን ጉዳይ ነገሩኝ። ለወይዘሮ ዘነበች ቀብድ አልሰጡም። ልጇ ጋ ሐዋሳ ልትሄድ ዕቃዋን ጀማምራ ብትሸክፍም እሳቸው ቆይ ብለዋታል። «የሰፈሩ እድር ከተቀበለኝ እገዛለሁ። ካልተቀበለኝ እመለሳለሁ። ነገ ድንኳኑ ሲነሳ የእድሩ ሰዎች ሁሉ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ እጠይቃለሁ» አሉ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ቤተሰብ ይዞ የገባ አበሻ እንኳ ስንት ጊዜ ነው ደጅ የሚጠናው። ብቸኛ፣ ሽማግሌ፣ የውጭ ሰው ማን ይቀበላል? እኔ ምንም ሳልናገር፣ ሳላስቀይማቸው፣ ጉዳዩ በራሱ ሊያልቅ ነው። ለሱዛን «ነገ ይለይለታል፣ አይዞሽ» ብዬ መልእክት ላክሁላት።

ቅዳሜ

ሦስተኛው ቀን ነውና ጠዋት ጸሎት ተደረገ፤ ከዚያ የእድሩ ወንዶች ድንኳኑን ማውረድ ጀመሩ። ከጅማ የሚለየው ነገር ብዙ አይደለም፤ እዚህ ሥራው ይፈጥናል፣ ስድቡና ቀልዱም ይበዛል። አንዱ ገመድ ሲፈታ ሌላው «ቀስ በል፣ ያንተ አይደለም፣ የእድሩ ነው!» ይለዋል። መምህር ኮሺ ብረቱን ላንሳ ብለው ሲሞክሩ ከልክለው አስቀመጧቸው። ሥራ መፍታት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና ተነስተው ወንበር መቁጠር ጀመሩ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መዝገባቸውን ዘርግተው «መቶ ሃያ ወንበር» ሲሉ መምህር ኮሺ ከሩቅ «ታደሰ፣ ተሳስተሃል። መቶ አሥራ አራት ነው» አሏቸው።

ሰዉ ዞሮ አያቸው። መምህሬ አማርኛ የተማሩት ከእኛ ከተማሪዎቻቸው ስለሆነ ለሽማግሌም ለሕፃንም «አንተ» ነው የሚሉት። ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው እንደገና አስቆጠሩ። መቶ አሥራ አራት ሆነ። ስድስቱ ባለፈው ወር ከነበረ ሐዘን ሳይመለሱ አንድ ቤት ቀርተው ነበርና ወዲያው ሰው ተላከ። ጋሽ ታደሰ ሳቅ ብለው «እኚህ ሰውዬ ጸሐፊያችን ቢሆኑ ይሻላል» አሉ። እኔ ግን ይህ ሳቅ አላማረኝም፤ ነገሩ ወዳልፈለግሁት አቅጣጫ የሚሄድ መሰለኝ።

ወንበሩ ከተጫነ በኋላ መምህር ኮሺ ተነስተው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። አጭር ነበር። «ይህን ቤት ልገዛ ነው። እድራችሁ ውስጥ ልግባ ወይ?»

ጋሽ ታደሰ መልስ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህር፣ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎን የጠላ የለም። ሃይማኖትም አይደለም፤ እዚህ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እስላሙም አብረን ነው የምንቀብረው። ነገር ግን ድንኳን የምንተክለው ለሞተው አይደለም፣ ለቀረው ነው። እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ተክለን ማንን ነው የምናጽናናው? አገር ውስጥ ተጠሪ የሚሆን ሰው መዝገቡ ይጠይቃል። አለዎት?»

«ሚስቴ ሞታለች። ልጄ ዱባይ ናት» አሉ መምህር ኮሺ። «እውነትህን ነው፣ ታደሰ።»

ይህን ብለው ደብተራቸውን አጠፉ። ድሮ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳቱ፣ አልፎ አልፎ ይሳሳቱ ነበር፣ ዳስተር ሳይፈልጉ በእጃቸው ያጠፉትና ለትንሽ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው እንዳዞሩ ይቆማሉ። አሁንም እንደዚያ ወደ ሰማያዊው በር ዞረው ቆሙ። የመጣሁበት ጉዳይ ተሳካ። እጄ ግን የነጠላዬን ጫፍ ይጠመዝዛል።

ወይዘሮ ጽጌ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ተናገረች። ከቀብሩ ጀምሮ ድምፅዋን ብዙ አልሰማነውምና ሁሉም ዞረ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሐሙስ ዕለት እዚህ አልነበሩም?»

«ነበርኩ እንጂ።»

«ታዲያ ይቺ ሴት ስትገባ የጮኸችውን አልሰሙም? እኔ አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ባሌ ሞቶ እንባዬ እምቢ ብሎኝ ነበር። ቀብር ላይ እንኳ አልወጣልኝም። የሷን ሰምቼ ነው ያለቀስኩት። እኚህን ሰውዬ ሐዘንተኛ የላቸውም አትበሉ። በዓይናችን አይተናል።»

ጸጋነሽ የምትባል፣ ሐሙስ በቀኝ በኩል ብብቴን የያዘችኝ ጎረቤት «እውነት ነው ጌታን! ልትወድቅ ነበር እኮ፣ ደግፌ ነው የያዝኳት» ብላ ጨመረች።

የሰፈሩ ሰው በሙሉ እኔን ያይ ጀመር። ጋሽ ታደሰ «እህቴ፣ ምናቸው ነሽ?» አሉኝ።

«ተማሪያቸው» ብል ያልቅ ነበር። እውነትም ነው፣ ውሸት የለበትም። ጅማ ነው የምኖረው፣ ሩቅ ነኝ፣ አይሆንልኝም ብል ማንም አይፈርድብኝም፤ ለሱዛን የማልኩትም ይጠበቃል። መምህር ኮሺ ዞረው አዩኝ። ልመና የለም ፊታቸው ላይ፤ ተማሪ አስነስተው መልስ ሲጠብቁ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ። ያን ጊዜ ሐሙስ ዕለት ድንኳኑን ሳይ የተሰማኝ ነገር ተመለሰብኝ። ማንም አልቅሽ አላለኝም። አባቴ የሞተ ጊዜ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ስልሳ ዓመት አልፎኝ ይህን ለራሴ ያወቅሁት ኮልፌ፣ የሰው ሐዘን ላይ ነው።

«ልጃቸው ነኝ» አልኩ። «ተጠሪያቸው እኔ ነኝ፤ ጻፉኝ። ከጅማ በአንድ ቀን እደርሳለሁ፤ ጎማ ካልፈነዳ።»

ጋሽ ታደሰ ስሜን ከነአያቴ ጻፉ። ቀጥለው የቤተሰብ ዝርዝር የሚለው ላይ ሱዛንን አስገቡ፤ እሷም አንድ ነገር ብትሆን፣ ዱባይም ብትሆን፣ እዚህ ድንኳን ይተከላል ማለት ነው። መምህር ኮሺ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠርገው ሲያበቁ መዝገቡን ጎንበስ ብለው አዩና «ታደሰ፣ የወንበሩን ቁጥር አላረምከውም» አሉ።

እሑድ

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አብረን አስቀደስን። የመምህሬ ቤተ ክርስቲያን ኬረላ ውስጥ ከእኛ ጋር እህትማማች ነው፤ ቋንቋው ባይገባቸውም መቼ እንደሚሰገድ ያውቃሉ። ስንወጣ ሦስት ሰዎች «መምህር፣ እንዴት አደሩ» አሏቸው። ቅዳሜ ያላየኋቸው ሰዎች ናቸው፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ዘነበችና እሳቸው ሽማግሌ ፊት እጅ ተጨባበጡ፤ ወረቀቱን ጠበቃ ይዞታል። ወይዘሮ ዘነበች እያለቀሰች የኮኩን ዛፍ ውሃ መቼ መቼ እንደሚጠጣ አስረዳች። መምህሬ ጻፉ። ሱዛን አራት ጊዜ ደወለችልኝ። አላነሳሁም። ጀግንነቴ ቅዳሜ አልቆ ነበር።

ሰኞ

መምህር ኮሺ አየር ጤና ድረስ ሸኙኝ። ወይዘሮ ጽጌ ሐዘን ላይ ሆና ለመንገዴ በሶ አስጭናኛለች፤ ጸጋነሽ ደግሞ ባዶውን የአቮካዶ ፌስታል ቆሎ ሞልታ መልሳልኛለች። አውቶቡስ ስገባ መምህሬ በመስኮት በኩል «ትሉንም በላሁት» አሉኝ። ተሳስቀን ተለያየን።

ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም ምግብ ሳላዝ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ደወልኩ።

«ሙሉዬ! እሺ አለ? ሊመለስ ነው?»

«አይመለሱም ሱዚ። ቤቱን ገዙት።»

«አልለመንሽውም?»

«አልለመንኳቸውም። ማልኩልሽ፣ አፈረስኩት። ተቆጪኝ።»

ተቆጣች። «ውሸታም ነሽ! ውሸታም! ሁለተኛ አላናግርሽም!» ጅማ እኛ ግቢ ውስጥ አሻንጉሊቷን ሲነጥቋት እንዲሁ ነበር የምትለው። ስድቧን ጠጣሁት። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ።

«እናቴ ስትሞት አልደረስኩም ሙሉዬ። ስደርስ ቀብረው ጨርሰው ወንበር እየሰበሰቡ ነበር። አሁን ደግሞ አባዬ እዚያ ቢሞት፣ ስልክ ቢደወል፣ አውሮፕላን እስክይዝ…»

ለካ ፍርሃቷ ይህ ኖሯል። ዓርብ ዕለት ስለ ደረጃውና ስለ ባኞው ስጨቃጨቅ ይህን ማንም አልነገረኝም።

«ከዱባይ የአራት ሰዓት በረራ ነው» አልኳት። «እንጠብቅሻለን። ሳትደርሺ አፈር አይለብሱም።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«እኔ አለሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ወይዘሮ ጽጌ አለች። ጋሽ ታደሰ አሉ፣ የእድሩ ዳኛ፤ አባትሽ አንተ ነው የሚሏቸው። ጸጋነሽ አለች፣ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ፤ ሰው ሲወድቅ የምትይዘው እሷ ናት። ቅያሱ መግቢያ ላይ ሙዝ የሚሸጠው ዳውድ አለ፤ ቤቱ ቢጠፋሽ እሱን ጠይቂ…»

«ቆይ፣ ቆይ» አለችኝ። ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ። ልጽፈው ነው።»